ሁለት ዓይነት እንግዳ

ለጉዳይ አሰላ መጥቼ ገስት ሃውስ ገባሁ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸታል። በሩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን «ገስት» የሚል ቃል ሳነብ የአጎቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ከበቆጂ መጥቼ እዚሁ አሰላ እሱ ቤት ተቀምጬ የምማርበት ዓመት ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አይገባውም። የቤት ሥራችን የ«ገስት»ንና የ«ስትሬንጀር»ን ልዩነት መጻፍ ነበር። ለእኔ ሁለቱም እንግዳ ናቸው። አጎቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበር ራት ላይ «ጋሼ፣ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

አላምጦ እስኪጨርስ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ገስት ተጠርቶ ይመጣል፤ በልቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ስትሬንጀር የሚጠራው የለም፤ ዝም ብሎ ይመጣል።» ከዚያ እናቴ ያስያዘችኝን፣ ከመጣሁ ጀምሮ ከበሩ ሥር ያልተነሣውን የገብስ ቆሎ እያየ «አንቺን ማን ጠራሽ?» አለኝ።

ሚስቱ ደንግጣ «ኧረ የእህትህ ልጅ ናት!» አለችው።

«እንግሊዝኛ እያስተማርኳት ነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ ተነሣ።

ያለውን እንዳለ ጻፍኩት። አስተማሪያችን ራይት አደረገችልኝ።

የአጎቴ ቤት ከዚህ ሩቅ አይደለም። ዛሬም እዚያው አለ፤ መምጣቴን አልነገርኩትም።

እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ቁልፉን እየሰጠችኝ «ለአሰላ እንግዳ ነዎት?» አለችኝ።

«አዎ፣ እንግዳ ነኝ» አልኳት።

ደግነቱ የጠየቀችኝ በአማርኛ ነው።