የቡሬው ቅርንጫፌና ሁለቱ ባለአክሲዮኖች

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኢንተርኔት ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ እኔ የአንድ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ፣ የቴክኒክ ኃላፊና ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ኩባንያው መናኸሪያው አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ስትሆን፣ ሦስት ኮምፒውተርና አንድ የብሮድባንድ መስመር ነበራት። «ኢንተርኔት ቤት» የሚሏትን ሁሉ «የቴክኖሎጂ ድርጅት» በሉ እያልኩ አርም ነበር።

ባለአክሲዮኖቼ ሁለት ናቸው። የንስሐ አባቴ ለቤታቸው ቆርቆሮ ያጠራቀሙትን ሰጡኝ። ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱት አጎቴ ደግሞ ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሸጠው ብሩን ሰጡኝ። በአንድ በሬ አይታረስምና ከጎረቤታቸው ጋር መቀናጆ ገቡ፤ የሁለቱ ሰዎች በሬዎች አብረው ተጠምደው አንድ ቀን የጎረቤታቸውን፣ አንድ ቀን የእሳቸውን ማሳ ያርሳሉ። በዓመቱ በሬ እንደምገዛላቸው ምዬላቸው ነበር።

ሥራው ጥሩ ጀመረ፤ ያጠፋኝም ጥሩ መጀመሩ ነው። ቡሬ ላይ ቅርንጫፍ ልክፈት አልኩ። ከዚያ ደምበጫ፣ ከዚያ ፈረስ ቤት። በካርቶን ላይ ካርታ ስዬ፣ ቀስት በቀስት አድርጌ፣ በገበያ ቀን ሁለቱን ሰበሰብኩና ስትራቴጂዬን አስረዳሁ። ያን ዕለት አንድ ገጽ እስኪከፈት ደንበኞቼ ወጥተው ሻይ ጠጥተው ይመለሱ ነበር።

«የዚህኛው መስመር እንዲህ እያዘገመ ቡሬ ምን ሊረባህ ነው?» አሉ የንስሐ አባቴ።

«አባ፣ እድገት ማለት እኮ መስፋት ነው» አልኳቸው። ይህን ከኮሌጅ ነው ያመጣሁት።

ተያዩ። አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡና «እንግዲህ እግዜር ያሳካልህ» አሉ። አባም በመስቀላቸው ባረኩኝ።

እዚህ ላይ ጅልነቴ ይታይልኝ። የእኛ አገር ሽማግሌ ልቡ የፈቀደውን ነገር ሲነታረክበት ይውላል። በሬ ሊገዛ ሲፈልግ ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ያንቋሽሸዋል። ያላመነበትን ግን ሰው ላለማስቀየም ቶሎ መርቆ ይሄዳል። እነሱ መካከል አድጌ ይህን አላውቅም ማለት አልችልም። እኔ ግን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብዬ በማግስቱ ቡሬ ላይ ቤት ተከራየሁ።

ታፔላው ከመስመሩ ቀደመ። ቴሌ ሄጄ መስመሩን በጠየቅሁ ቁጥር መልሱ «በሂደት ላይ ነው» ሆነ። ባዶ ቤት ላይ ታፔላ መስቀል ቢያሳፍረኝ ከፍኖተ ሰላም ሁለት ኮምፒውተር ጭኜ ወሰድኩ። ቡሬ ላይ ሁለት ኮምፒውተር ያለ መስመር፣ ፍኖተ ሰላም ላይ መስመር ከአንድ ኮምፒውተር ጋር። ደንበኞቼ ወረፋው ሰልችቷቸው ሌላ ቤት ሄዱ። ዓመቱ ሞላ፤ በሬውን አልገዛሁም።

ክረምት ሲገባ እስከ አጎቴ ማሳ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የእሳቸው ተራ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ዘርተዋል፤ የእሳቸው ማሳ ግማሹ ገና አልታረሰም። በእኔ ምክንያት መሆኑን ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ቡሬን ልዘጋው ነው። ኮምፒውተሮቹን እመልሳለሁ። ማመልከቻ እየተየብኩ፣ ለተማሪ ፎርም እየሞላሁ ልሥራ።»

እንዳይመርቁኝ ፈራሁ።

በሬዎቹን አቆሙ። «ማነው የሚተይበው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ? ፊደሉን ለቅመህ እስክትጨርስ መስከረም ይጠባል! መብራት ሲጠፋስ ምን ልትሆን ነው?»

መልሴን ሳይጠብቁ «እንካ፣ ቀኑን አታባክንብኝ» ብለው እርፉን አስጨበጡኝና ጎን ጎኔን እየሄዱ ይነዘንዙኝ ጀመር። ወረቀቱን ከየት ታመጣለህ? የቡሬን የቤት ኪራይ እንዴት ትገላገላለህ? ትልሜ ሲጣመም ትልሜን ሰደቡ፤ ዕቅዴን ስናገር ዕቅዴን ሰደቡ፤ ከዚያ ደግሞ ይጠይቃሉ። ዝናቡ ሲጀምር እንኳ አልተዉኝም። እኔም እርፉን ጨብጬ ደስ ብሎኝ አለቅስ ነበር።