የተቋረጠው አንድም

በደብረ ኤልያስ አቅራቢያ የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚያስተምሩት መምህር አካለ ወልድ በአንድ ሕግ ይታወቁ ነበር፤ ማንም ተማሪ ንባቡ የሚለውን ሳይመልስ ወደ ፍች አይሻገርም። ዘሎ የተሻገረውን፣ «ግድግዳውን ሳታቆም ጣራ ትከድናለህ?» ይሉታል። ንባቡን የመለሰ ግን «አንድም» እያለ ፍች በፍች ላይ ይጨምራል፤ አንድም ብሎ የጀመረን ሰው ማቋረጥ በጉባኤው ነውር ነው። ጣልያን ደብረ ማርቆስን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ይህን ነውር የሠሩት ራሳቸው መምህሩ ናቸው።

የዕለቱ ንባብ፣ ባለቤቱ በሌለበት ገብቶ በወንበሩ ስለ ተቀመጠ እንግዳ የሚናገር አጭር ድርሳን ነበር። ቤተሰቡ ለእንግዳው ሰገደ፤ በረኛውም ባለቤቱ እንዳልሆነ እያወቀ ዝም አለ። ተማሪዎቹ ከወይራው ሥር ክብ ሠርተው ሲቀመጡ መምህሩ ጠየቁ።

«እንግዳው ማን ነው?»

«ሳይጠሩት መጥቶ አልነሣም ካለማ የእናቴ ወንድም ነው!» አለ አለበል። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ።

«አንተ ደግሞ፣ ቀልድህን ትተህ ንባቡን አትመልስም?» አለው አንሙት። ከዚያ ተነሥቶ ንባቡን ሳያዛንፍ መለሰና ቀጠለ። «እንግዳው ኃጢአት ነው፤ ቤቱ ሰውነት፣ ወንበሩ ልብ፣ በረኛውም ሕሊና ነው። አንድም፣ እንግዳው...»

«ይበቃል!» አሉ መምህሩ።

የመምህሩ ዐይን አለበል ላይ ነበር፤ የአለበል ታላቅ ወንድም ባንዳ ሆኖ ደብረ ማርቆስ ምሽግ ውስጥ ለጣልያን አድሯልና።

«የኔታ፣ የተሳሳትሁት የቱ ላይ ነው?» አለ አንሙት።

«አልተሳሳትህም። ተቀመጥ።»

«ካልተሳሳትሁ ለምን ያቋርጡኛል?»

መምህሩ ጉባኤውን በትነው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቤትም አላስቀመጣቸውም። ከመደቡ ይነሣሉ፣ ደጅ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ።

«ምነው ዛሬ? ቁንጫ የገባበት ሰው መሰሉ እኮ!» አሉ ባለቤታቸው ወለተ ኪዳን።

«ልጁን ከክፉ ጆሮ አዳንሁት» አሉ መምህሩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ይህ ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። ልጁን ማዳን ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ከአፉ ነጥቀው በራሳቸው አፍ ይጨርሱት ነበር። እርሳቸው ግን ሁለቱንም አፍ ዘጉ። ፍርሃት የጥበቃን ልብስ ሲለብስ ያምርበታል፤ የለበሰው ሰው ግን ልብሱ የማን እንደሆነ ያውቃል። ነገ አንሙትን በጉባኤ ፊት አንሥተው ፍቹን ሊያስጨርሱት ቆረጡ።

በማግስቱ የአንሙት ቦታ ባዶ ነበር። «አንድም ያለውን የሚያስጨርስ መምህር ልፈልግ» ብሎ ደበሎውን ይዞ ሄዷል አሏቸው። መምህሩ ቶሎ ብለው አዲስ ንባብ ሊያወጡ ሲሉ አለበል ብድግ አለ። ዛሬ አይስቅም።

«የኔታ፣ የትናንቱ አንድም ይጨረስልን እንጂ።»

መምህሩ ፊቱን መረመሩት። ሊማር ይሆን፣ ወይስ ቃሉን ወደ ምሽጉ ሊያደርስ? ከፊቱ ላይ የሚያነቡት ነገር አጡ።

«መጀመሪያ ንባቡን መልስ» አሉት። ይስታል ብለው ተስፋ አደረጉ፤ የተማሪያቸውን ስሕተት ሲመኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

አለበል አንዲት ቃል ሳያጎድል መለሰ። በሕጋቸው መሠረት የሚቀረው ፍቹ ብቻ ነው። ሌላው ተማሪ ሁሉ አቀርቅሯል።

መምህር አካለ ወልድ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አንድም፣ እንግዳው ጣልያን ነው። ቤቱም አገር ነው።»

«በረኛውስ፣ የኔታ?»

አንሙት ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ አዩ።

«በረኛው መምህሩ ነው» አሉ።