ብረት ያላስነካው ዘይት

አስኮ ባለው ላቦራቶሪያችን የማሽን ዘይት እንፈትሻለን። ዘይት ውስጥ የሚፋተጉት የብረት ኳሶች ካልተላላጡና እርስ በርስ ካልተጣበቁ፣ ዘይቱ አለፈ ማለት ነው።

ባለፈው አንድ ባለፋብሪካ «ይሄ ዘይት ማሽኔን በላው» ብሎ፣ ናሙናውን በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጎ በር ላይ ትቶልኝ ሄደ። ብፈትሸው ኳሶቹ ጭረት እንኳ የላቸውም! ደገምኩት፤ ያው ነው። ሰውዬው ዋሸ ወይስ መሣሪያው አበደ? ግራ ቢገባኝ ፕላስቲኩን ይዤ፣ ናሙናውን ወደሰጡኝ የበር ፈታሽ፣ እትዬ ዘነበች ጋ ወረድኩ።

«ውይ፣ ይሄማ የኔ የፀጉር ጉሎ ዘይት ነው!» አሉ።

«ታዲያ የሰውዬውስ?»

ሻሻቸውን ገለጥ አደረጉ። ፀጉራቸው ጥቁር ብሎ ያብለጨልጫል።

«ሽታው ትንሽ ከብዶኝ ነበር። ግን ልጄ፣ ሽበቴን ድራሹን አጠፋልኝ፤ የት ነው የሚሸጠው?»