የጋሽ ሞላ ሦስት መኪኖች

ትናንት ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያችን ጭር ብሎ ጠበቀኝ። ለማስተማር ሰቆጣ ከተመደብኩ ጀምሮ የምኖረው ልብስ ሰፊው ጋሽ ሞላ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። የስፌቱ ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ አያቋርጥም። ትናንት ግን... ምንም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የጋሽ ሞላ ልጅ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። እሷ በላከችው ገንዘብ አንዲት ያገለገለች ፒክአፕ ገዙ። ሐሳባቸው የሰፉትን ልብስ ጭነው በገበያ ቀን በአቅራቢያችን ወዳሉት ጽጽቃና ኒሯቅ ከተሞች እየወሰዱ መሸጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ግብሩን ከፍለው የመኪናዋን ስም ሊያዛውሩ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። መታወቂያቸውን ኮፒ ላስደርግ ወጣ ባልኩበት ነው ጉድ የፈላው።

ስመለስ ፊታቸው ጠቁሯል። ግብሩ መጀመሪያ ከተነገራቸው በላይ ሆኗል። ያስተናገደቻቸውን ሠራተኛ ለምን ብዬ ጠየቅኳት።

«ከአንድ መኪና በላይ ላለው ሰው ይጨምራል። እሳቸው ደግሞ ሌላ ሦስት መኪና አላቸው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ራሳቸው ናቸዋ! ሌላ መኪና አለዎት ወይ ብላቸው "ሦስት አለኝ፤ አንዷ ብቻ ትንሽ ታስቸግራለች" አሉኝ። ፈርመዋል።»

ወደ ጋሽ ሞላ ዞርኩ።

«ምን ላርግ መምህር፣ ጠየቀችኝ፣ ያለኝን ነገርኳት። መንግሥት ቤት ገብቶ ይዋሻል እንዴ?»

ለካ የስፌት መኪኖቻቸውን ነው! ሳቄ አመለጠኝ። ሠራተኛዋም ስነግራት ከት ብላ ሳቀች... ከዚያ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አንዴ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል» አለችን።

«ታዲያ ይውጣ!»

«ሦስቱን መኪና መሸጣቸውን የሚያሳይ ውል ይምጣ፤ ያኔ ይስተካከላል።»

«እህቴ፣ የሌለ መኪና እንዴት ይሸጣል?»

«እኔ ምን ላድርግህ? ያለ ማስረጃ አልነካውም።»

ኃላፊው ስብሰባ ሄዷል ተባልን። መንገድ ላይ «አይጨነቁ ጋሽ ሞላ፣ ሲመለስ እኔ አስረዳዋለሁ» አልኳቸው። በአፍ መፍቻቸው በኽምጣንጋ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ኃላፊውም ሳምንቱን ሙሉ አልተመለሰም።

እና ትናንት ያ ጸጥታ... ወደ ሥራ ክፍላቸው ገባሁ። መኪኖቹ የነበሩበት ወለል ላይ የዘይት ጠብታና ቁርጥራጭ ጨርቅ ብቻ ቀርቷል። ጋሽ ሞላ ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ተቀምጠዋል።

«መኪኖቹስ?»

«ሸጥኳቸው። ውል ይምጣ አልተባለም? ምስክር ባለበት ተፈራርመን ዛሬ ጠዋት ወሰድኩላት።»

«ምን አለችዎት?»

«ምን ትላለች... "ሦስት መኪና ሸጫለሁ" ይላል ውሉ። አየችና ማኅተም መታችበት። ግብሩም ቀነሰልኝ፣ ስሙም ዞረልኝ።»

እዚያው የጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሽ ሞላ... ወረቀቱን ብቻ ቢያጽፉ ኖሮ እኮ...»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሳልሸጥ ሸጥኩ ብዬ ልፈርም?»

በእሳቸው ልናደድ ፈለግኩ፣ አልቻልኩም። በሠራተኛዋ ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ ያን ቀን በሳቅኩት ሳቅ ተናደድኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበት ሥራ በአንዲት ቃል ገደል ገባ።

«ልጄ ደውላ ነበር» አሉኝ፤ ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል። «"አባ፣ መኪናዋ ሥራ ጀመረች ወይ?" አለችኝ። ምን ልበላት መምህር?»

ፒክአፗ በስማቸው ሆና ደጅ ቆማለች... የጠፋው የምትጭነው ልብስ ነው።