ሁለቴ የሚጮኸው በር

ሁለት ደቂቃ ስጡኝ፤ አትቆጩም። ቀራንዮ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ወጣት ከየቤቱ ለውትድርና በሚታፈስበት ሰሞን። የጎረቤታችን የጋሽ ተሰማ አሮጌ ቮልስ በሩ ወርዶ፣ ወደ ላይ አንሥተው ሁለቴ ካላላተሙት አይዘጋም ነበር። እኔ ያኔ ገና አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ መካኒክነትን ለብቻዬ ተምሬ፣ "ጋሼ፣ ለእኔ ይተዉት" አልኩ።

ነገሩ ቀላል ነው። የተከፈተውን በር ከጫፉ ወደ ላይ ስታነሡት ከተንቀጫቀጨ፣ የተበላው ማጠፊያው ውስጥ ያለው ፔርኖ የሚባለው የብረት ዘንግ ነው። በሩን በክሪክ ደግፌ ፔርኖውን ቀየርኩት። ጠቅ ብሎ ተዘጋ! ጋሽ ተሰማ መርቀውኝ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆዩ በእግራቸው እያለከለኩ ተመለሱ።

"ምነው ጋሼ፣ በሩ ወለቀ እንዴ?"

"ኧረ አልወለቀም! እባክህ እንደ ድሮው አድርግልኝ።"

"ለምን?"

"ባለቤቴ 'አፋሾች መጡ!' ብላ ልጃችንን በጓሮ አጥር አዘለለችው። እግሩ ወለም ብሎት ተቀምጧል። አፋሾቹን የሚያመጣው የቀበሌው ሊቀመንበርም ቮልስ ነው የሚነዳው እኮ! እሷ እኔን የምትለየኝ በሩ ሁለቴ ሲጮህ ነው።"

አሮጌውን ፔርኖ ከጣልኩበት ፈልጌ መለስኩት።

እናንተም የወረደ በር ካላችሁ ሞክሩት፣ አያቅታችሁም። ብቻ መጀመሪያ ቤት ያሉትን ጠይቁ።