የሲርፓ ሦስተኛ ፈተና

ሲርፓ ቫይኒዮ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ የማዘጋጃ ቤቱን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ስትነዳ የምትውል ሴት ነበረች። ከሥራ ስትወጣ ግን ቤቷ አትገባም። ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ጫካ ትሻገርና በረዶ ላይ በስኪ መንሸራተት የሚለማመዱትን የከተማውን ልጆች ዳገት ለዳገት ስታባርር ይመሻል። ድምፅዋ ጫካውን አልፎ፣ የሐይቁን በረዶ በስተው ዓሣ የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ዘንድ ይደርሳል። እነሱም ቀና ይሉና፣ "ዛሬ ደግሞ የማንን ልጅ እየገደለች ነው?" ይባባላሉ።

ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ስታደርግ ደመወዝ አልነበራትም፤ ምስጋናም ቢሆን እምብዛም። ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያመጡላት ይፈሯታል፣ ሲወስዱባት ደግሞ ያሟታል። እሷ ሰው ወደዳት ጠላት ብላ እንቅልፍ አታጣም። እንቅልፍ የሚነሳት የአንዲት ልጅ ነገር ብቻ ነበር።

ልጅቷ ኔላ ትባላለች። እናቷ ታርያ በጤና ጣቢያው የሌሊት ፅዳት ሠራተኛ ናት፤ ከሲርፓ ጋር አንድ ክፍል ነው የተማሩት። ኔላ ሲርፓ እጅ የገባችው የወተት ጥርሷን ነቅላ ሳትጨርስ ነው። ሌሎቹ ዳገቱ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ እሷ ንፍጧን በጓንቷ ትጠርግና፣ "አንዴ ልድገመው?" ትላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት በመላ አገሪቱ ካሉት እኩዮቿ የሚቀድሟት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሲርፓ ልጅ አልወለደችም። ባሏ ሬይዮ፣ "ኔላን ከዳገቱ ነው የወለድሻት፤ እኔ የለሁበትም" እያለ ይቀልድባታል። "አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል" ትለዋለች፤ ቀልዱን ግን ትወደው ነበር።

ነገር የመጣው ከላይ አዲስ ደንብ ሲወርድ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጽናት ስፖርት አሰልጣኝነት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ከወጣቶች ብሔራዊ ቡድን ጋር አይጓዝም፣ አትሌቱንም አያሰለጥንም ተባለ። ኔላ ደግሞ የቡድኑ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ሲርፓ፣ "ታዲያ ወረቀቱን አወጣዋለሁ፤ ምን ቸገረኝ?" ብላ ወደ ደቡብ፣ ወደ ስፖርት ማሠልጠኛው ሄደች።

ፈታኙ ኢስሞ ራንታ የሚባል፣ በጉብዝናው ዘመን ራሱ ጥሩ ስኪ የሄደ፣ ቀጭን ሰው ነው። ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሰው ሲያዋርድም እንዲያው ጨዋ በሆነ አንደበት ነው። በመጀመሪያው ፈተና የሲርፓን መልስ ይዞ ሠልጣኞቹ ሁሉ ፊት ቆመ።

"ሲርፓ፣ የተጠየቅሽው ሰውነት ከከባድ ልምምድ በኋላ እንዴት እንደሚያገግም ነው። አንቺ የጻፍሽው 'ይለፈልፋሉ እንጂ ያልፍላቸዋል' የሚል ነው። ይኼን ስንት ልስጠው?"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሲርፓ አንገቷ ድረስ ቀላች። ሰውየው አልዋሸም፤ የጻፈችው እሱኑ ነበር። ወደቀች።

ክረምቱን ሙሉ ከሥራ እየመጣች የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ዘርግታ ተቀመጠች። ዓይኗ ፊደሉን ያያል፣ ልቧ ግን ጫካው ውስጥ ነው። ሬይዮ የዓሣ ሾርባውን እያማሰለ፣ "ከእንግዲህ ዶክተር ቫይኒዮ ልበልሽ ወይስ ፕሮፌሰር?" ይላታል። አንድ ቀን መጽሐፉን ወረወረችበት፤ ሾርባው ውስጥ ገባ። ሬይዮም በጭልፋ እያወጣው፣ "ሥጋ ባይኖረውም ዕውቀት አለው" አለ።

በሁለተኛው ፈተና የጽሑፉን ለጥቂት አለፈች። በተግባሩ ግን የማታውቃትን አንዲት የባንክ ሠራተኛ እንድታሰለጥን ሰጧት። ሴትየዋ ዳገቱ ላይ ቆም ቆም ስትል ሲርፓ የለመደችው አፏ ተከፈተ። "ምነው ቂጥሽን እንደ ድንች ጆንያ ትጎትቺዋለሽ!" ብላ ጮኸች። ሴትየዋ ስኪዋን ፈታ፣ እንባዋን እየጠረገች ወደ ሕንፃው ሄደች።

ኢስሞ ምንም አልተቆጣም። "እንዳንቺ ዓይነት አሰልጣኞች ድሮ ሞልተው ነበር" አላት። "አሁን ለእነሱ መክፈል ትተን ያሰለጠኗቸውን ሰዎች ለሚያክሙት ነው የምንከፍለው።"

"ልጆቼ ያሸንፋሉ" አለችው።

"አንዷ ልጅሽ ታሸንፋለች። የቀሩት የት እንዳሉ ታውቂያለሽ?"

ሲርፓ የት እንዳሉ አስባ አታውቅም ነበር።

ሦስተኛው ፈተና የመጨረሻዋ መሆኑን የነገራት ኢስሞ ራሱ ነው፤ ስልክ ደወለላት። ኔላ ለብሔራዊ ቡድኑ መመረጧን፣ ሲርፓ በዚህኛው ካላለፈች ልጅቷን እሱ እንደሚረከባት አረዳት። "ሐሳብ አይግባሽ፤ ልጅቷ የምትረሳሽ አይደለችም" አላት፣ "ፖስታ ካርድ ትልክልሻለች።"

ለሦስተኛው ፈተና ሠልጣኙ የራሱን አትሌት ይዞ መጥቶ፣ ከባድ ልምምድ እየመራ ምክንያቱን ለፈታኙ ያስረዳል። ሲርፓ ከሚስት ይልቅ ተማሪ ሆና ከረመች። ሬይዮን አልጋ ላይ እያስቀመጠች ታስረዳዋለች፣ ለስለስ ብሎ መናገርንም በእሱ ላይ ተለማመደች። "እባክህን ሳህኑን ታቀብለኛለህ?" ስትለው ሰውየው ደንግጦ፣ "አመመሽ እንዴ?" አላት።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ኔላን ከቤቷ ወሰደቻት። ታርያ ከሌሊት ሥራ ገና አልተመለሰችም። ልጅቷ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ መኪናው መስኮት ላይ ተደገፈች።

"ምን ሆነሻል?" አለቻት ሲርፓ።

"ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ሌሊቱን ሲያልበኝ ነው ያደረው።"

ሲርፓ መኪናውን ዳር ይዛ አቆመች። ጓንቷን አውልቃ በእጇ ጀርባ ግንባሯን ዳሰሰች። ይፋጃል።

እዚህ ላይ ስለ ሲርፓ አንድ ነገር መነገር አለበት። አፏ ክፉ ቢሆንም ያመመውን ልጅ በረዶ ላይ አውጥታ አታውቅም። ትኩሳት ያለበት ሰው ከሮጠ ሕመሙ ልብ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ከማንም መጽሐፍ በፊት ታውቀው ነበር። አንድ ዓመት ኔላን ራሷን ከውድድር መነሻ ላይ ጎትታ፣ እያለቀሰች ቤቷ መልሳታለች። ስለዚህ ልጅቷ አሁን የምትጠብቀው ያንኑ ነበር።

"እንመለስ?" አለች ኔላ።

ሲርፓ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። የኢስሞ ፖስታ ካርድ በዓይኗ ላይ መጣ። የክፍሉ ሳቅ መጣ። ፈተናውን ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ትችል ነበር፤ መልሱን ግን ፈራችው። መኪናውን አስነሳች፤ ያስነሳችው ግን ወደ ፊት ነው።

"ትችያለሽ?" አለቻት። በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን ጥያቄ ጠይቃት አታውቅም።

ኔላ ዞር ብላ አየቻት። "አንቺ ካልሽ እችላለሁ።"

"ለዛሬ ብቻ ነው። ለኢስሞ ምንም እንዳትዪ።"

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ቅዝቃዜው አፍንጫ ይቆርጣል። ሲርፓ ስኪው የተቀባበትን የሰም ዓይነት ለምን እንደመረጠች፣ ልምምዱ ምን እንደሚጠቅም፣ በመካከል ለምን ዕረፍት እንደሚሰጥ ሳትንተባተብ አስረዳች። ኔላ ወጣች ወረደች። መጀመሪያ ላይ እንደ ወትሮው ትበር ነበር። እየቆየ በእጇ የምትገፋበት ዱላ ከእግሯ ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ከንፈሯ ነጣ። ወርዳ በመጣች ቁጥር ሲርፓን ብቻ ታያለች።

ኢስሞ እጁን ኪሱ ከቶ፣ "ይበቃታል ወይስ ይጨመር?" ሲል ጠየቀ። "ውሳኔው የአሰልጣኙ ነው።"

ሲርፓ ይበቃታል ብትል ለምን ይላታል። ለምን ካላት ደግሞ ጠዋት ምን እንደሰማች ልትነግረው ነው። እንደዚያ ሆኖ ዳገት ላይ ያወጣቻትን ልጅ ምን ብላ ታስረዳለች?

"አንድ ይጨመር" አለች። ከዚያም በዚያ በተለማመደችው ለስላሳ ድምፅ፣ "ኔላዬ፣ የመጨረሻዋ ናት፤ ቀስ ብለሽ" አለቻት።

ኔላ ዞራ ወጣች።

ኢስሞ ልጅቷ ዳገቱን ስትጨርስ ሲያይ ፈገግ አለ። "አየሽ ሲርፓ፣ ሳይጮኽም ይሄዳል። እኔ እኮ የፈለግሁት ይኼን ነበር።" እጁን ዘረጋላት። ሲርፓ ፈተናውን እዚያው በረዶው ላይ አለፈች።

ሲመለሱ ሲርፓ ነዳጅ ማደያው ጋ ቆማ ትኩስ የእንጆሪ ጭማቂ ገዛችላት። ኔላ ኩባያውን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ሳትጠጣው እንቅልፍ ወሰዳት። ሲርፓ ግን እየነዳች ለራሷ ታንጎራጉር ነበር።

በዚያው ሳምንት ኔላ የቤታቸውን ደረጃ ስትወጣ ወደቀች። አምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዳት። የልቧ ጡንቻ ተቆጥቷል ተባለ። ሐኪሞቹ፣ ትኩሳት እያላት ከባድ ልምምድ ሠርታ ይሆን ብለው እናቷን ጠየቁ። ታርያ ኮሪደሩ ላይ ሲርፓን አግኝታ እጇን ጨበጠቻት፤ እጇ የፅዳት መድኃኒት ይሸት ነበር።

"ሲርፓ፣ ላንቺ አሞኛል ብላሽ ነበር?"

ሲርፓ አፏን ከፈተች። "ብትነግረኝ ኖሮ…" ብላ ቆመች።

ታርያ ራሷ ጨረሰችላት። "አውቃለሁ። ጎትተሽ ትመልሻት ነበር። እንደዚያን ጊዜው።"

"እመልሳት ነበር" አለች ሲርፓ።

እንዲህ ሆኖ ወሬው በከተማው ተሰማ፤ ልጅቷ ብሔራዊ ቡድን አምሯት ሕመሟን ከአሰልጣኟ ደበቀች ተባለ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አሉ ሽማግሌዎቹ። ለሲርፓ ደግሞ አዘኑላት፤ በሕይወቷ ሰው ሲያዝንላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሱቅ ውስጥ ክንዷን እየነኩ፣ "አይዞሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" ይሏታል። ምስክር ወረቀቷ በፖስታ መጣ። ሬይዮ ሳሎን ልስቀልልሽ ቢላት እሺ አላለችም፤ አትስቀለው ብላም አልከለከለችውም። ሰቀለው።

ሐይቁ መቅለጥ ሲጀምር ኔላ የሲርፓ ግቢ መጣች። ሐኪሞቹ መራመድ እንጂ መወዳደር በዚህ ዓለም እንዳታስብ ነግረዋት ነበር። ሲርፓ ጎተራው በር ላይ የልጆቹን ስኪዎች እያጸዳች ነው።

"እናቴ፣ ለምን ደበቅሽን ትለኛለች" አለች ኔላ። ከመኪና መንገዱ እስከ ጎተራው ድረስ ተራምዳ ብቻ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። "ሆስፒታል ተኝቼ ማን ምን እንዳለ አልሰማሁም። አሁን ነው የሰማሁት። አልነገረችኝም ያልሻት አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ለምን?"

ሲርፓ ጨርቁን አጠፈችው፣ ደግሞ ዘረጋችው። "የሆነው ሆኗል፣ ኔላ። እውነቱ ቢወራ ያንቺን ልብ አያድነውም። እኔን ግን ያጠፋኛል። ሌሎች ልጆች አሉኝ።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ከእንግዲህ የሚወሰድብሽ ምን አለ?"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሲርፓ ራሷ ሰማችው። ልትመልሰው ፈልጋም ይሆናል፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኔላ እንደ ልጅነቷ አላለቀሰችም። አየቻትና ሄደች። መንገዱ ትንሽ አቀበት ስለነበረው መካከሉ ላይ አጥሩን ይዛ አረፈች። ሲርፓ ወደ ጎተራው ገብታ በሩን ዘጋች።

ማታውን ኔላ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት። መኪናውን፣ ግንባሯን የዳሰሰችበትን እጅ፣ "ለኢስሞ እንዳትዪ" ያለቻትን። ታርያ አዳመጠቻት፣ ከዚያ ፊቷ ጠቆረ።

"አንቺ ልጅ፣ ያሳደገችሽን ሴት! ያን ጊዜ ከውድድር ጎትታ ያዳነችሽን? ራስሽ ለሠራሽው ጥፋት ሰው ትፈልጊያለሽ?"

"እማ፣ እውነቴን ነው።"

"እውነት ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ትነግሪኝ ነበር።"

"ያኔ ማንም አልጠየቀኝም።"

እናት አላመነቻትም። ካመነችማ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እጇን የጨበጠቻት ሴት ማን ልትሆን ነው? በዚያው በጋ ኔላ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ኦውሉ ከተማ ሄደች፤ አንድ የልብስ መደብር ውስጥ ሥራ ይዛለች ይባላል። ለእናቷ በገና ትደውላለች፣ ጨዋታው ግን አጭር ነው።

በቀጣዩ ክረምት ሲርፓ ከብሔራዊ ወጣቶች ቡድን ጋር ተጓዘች፤ የሌሎች ሰዎችን ልጆች ይዛ። አትጮኽም። ኢስሞ ለአዲሶቹ ሠልጣኞች፣ ሰው መለወጥ ይችላል ሲል እሷን ይጠቅሳል ይባላል።

ከጉዞ በተመለሰች ማግስት ታርያ በሯን አንኳኳች። ገና ከምድጃ የወጣ የእንጆሪ ኬክ በፎጣ ሸፍና ይዛለች። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ መምጣቷ ከዓይኖቿ ያስታውቅ ነበር።

"ሲርፓ፣ ምን እንደምልሽ አላውቅም" አለች ጫማዋን እያወለቀች። "ልጄ ስላንቺ ብዙ ክፉ ነገር ተናግራለች። ለኔ ብቻ አይደለም፣ ለሌላም ሰው ሳትናገር አትቀርም። ሕመሙ ነው እንዲህ ያደረጋት። ይቅር በያት።"

ሬይዮ ከሶፋው ላይ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ቀልድ አልመጣለትም።

ሲርፓ ኬኩን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ይቅር ብያታለሁ" አለች። ከዚያ ቢላዋ አመጣችና ለሦስት ሰው ቆረሰችው።