የቀትር መኪና

መኪናዋን የሰረቅኳት ከወንድሜ ልጅ ነው። ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርና ከጅቡቲ ሲመለስ ለልጁ በሪሞት የምትሄድ ቀይ መኪና ገዛለት። ሸዋ ሮቢት እኔ ዘንድ ምሳ ሊበላ ሲወርድ ብንሞክራት አልሄድ አለች። «አንቺ የስፌት መኪና ትፈቺ የለ፣ እስቲ እያት» ብሎ ጥሎልኝ ወደ አዲስ አበባ ቀጠለ። ሆዷን ከፍቼ ባይ አንዲት ሽቦ ተበጥሳለች። አጣምሬ በፕላስተር ጠቀለልኳት፤ ሄደች! ወንድሜ በሳምንቱ ሲመጣ ግን «አልሆነም፣ ለልጁ ሌላ ግዛለት» አልኩት። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ የሰፈሩን ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት በአሻንጉሊት አበደች ቢባል ማን ያምናል?

የመጫወቻ ሰዓቴ ቀትር ነበር። ሮቢትን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በስድስት ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ሱቁ ገርበብ ይላል፣ ሰው በየቤቱ ጋደም ይላል፣ እኔም ማንም ሳያየኝ ግቢዬ ውስጥ እንደ ልቤ እሆናለሁ። እናቴ ግን ያሳደገችኝ «በቀትር ወንዝ አትውረጂ፣ በቀትር ሜዳ ላይ ብቻሽን አትቁሚ፣ ሰዓቱ የእነሱ ነው» እያለች ነው። እነሱ እነማን እንደሆኑ ጠይቄያት አላውቅም።

ባዶ የክር ማጠንጠኛዎች ደርድሬ በመካከላቸው መንዳት ተማርኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። መኪናዋ ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ እጄ ይህን እስኪለምድ ስንት ጊዜ ግድግዳ ገጨሁ! ዝግ ብሎ መሄድ የሚባል ነገርም አታውቅም፤ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ። ስለዚህ የሪሞቱን ማንሻ መታ መታ እያደረግኩ ማስኬድን ለመድኩ። የሮቢት አቧራ የማርሽ ጥርሶቿ ውስጥ እንዳይገባ ከዩኒፎርም ቁራጭ ቀሚስ ሰፋሁላት። ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ማንሻውን ስጫን ከቆርቆሮው አጥር ማዶ እልልታ ሰማሁ። ቀጭን፣ የአንዲት ሴት እልልታ። ለቀቅኩ፤ ቆመ። ጫንኩ፤ እንደገና ተነሣ። ለሦስተኛ ጊዜ አልሞከርኩም። መኪናዋን አንሥቼ ቤቴ ገባሁ፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ፣ የአንገቴን መስቀል ጨብጬ ተቀመጥኩ። ማዶ የሚኖሩት አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። አንድ ልጃቸው ዐረብ አገር ልግባ ብሎ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ድምፁም አልተሰማ። እሳቸውን እልል የሚያሰኝ ምን አለ?

አንድ ሳምንት ሪሞቱን አልነካሁም። በስምንተኛው ቀን የማዶዋ እትዬ ራሳቸው መጡ፤ ፊታቸው ጠውልጓል።

«ልጄ ዝም አለኝ» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«ደውሎ ነበር እንዴ፣ እትዬ?»

«ምን ስልክ አለኝ! በመኪናዋ ነው እንጂ።» ከነጠላቸው ሥር አወጧት። ቀለሟ ሰማያዊ ከመሆኑ በቀር የኔዋ ራሷ ናት። «ሲሄድ መኪናዋን ለኔ ትቶ መንጃዋን ይዞ ሄደ። ‹እማዬ፣ እዚያ ሆኜ ስነካው እዚህ ትንቀሳቀስልሻለች፤ ያኔ ደኅና መሆኔን እወቂ› አለኝ። ባትሪ ድንጋይ እየቀየርኩ ስጠብቅ ከረምኩ። ይኸው ሰሞኑን በቀትር መጣልኝ! አሁን ደግሞ ዝም። ታሞብኝ ይሆን?»

ያኔ ገባኝ። ከጅቡቲ የሚመጡት እነዚያ ርካሽ መኪኖች ሁሉ የሚሰሙት አንድ ሞገድ ኖሯል፤ የኔ ሪሞት የእሳቸውንም መኪና ያዛል። የቀትሩ ጋኔን እኔ ነበርኩ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣኝ ግን «ይመጣል፣ እትዬ፤ ነገ ይመጣል» የሚል ነው።

በማግሥቱ መጣ። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ በስድስት ሰዓት መጣ። የራሴን መኪና መንዳት ተውኩ፤ አጥሩ ሥር ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ እነካላቸዋለሁ። እትዬ ሥጋ ያዙ፣ ከሰው መጫወት ጀመሩ። «በላህ? አገሩስ እንዴት ነው?» ሲሉት እሰማለሁ፤ መታ አደርግና እመልሳለሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ራሴን ፈራሁ። ሥራ በዝቶብኝ ረስቼዋለሁ ስል፣ ልክ በሰዓቱ ሪሞቱን ይዤ አጥሩ ሥር ቆሜ እገኛለሁ፤ ከስፌት መኪናው መቼ እንደተነሣሁ አላስታውስም።

ከዚያ መርዶው ደረሰ። ከልጃቸው ጋር የወጣ የካራቆሬ ልጅ ዐረብ አገር ታስሮ ቆይቶ ሲመለስ ተናገረ፤ ጀልባዋ ሰጥማለች፣ የእትዬ ልጅ የተቀበረው ባሕሩ ዳር ነው። ወሩን ስቆጥር ክው አልኩ። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ሪሞት ስነካ ልጁ ከሞተ ስምንት ወሩ ነበር።

እንደ ወጉ ጎሕ ሲቀድ የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበን በራቸውን አንኳኳን። አንድ ሽማግሌ ተናግረው ሳይጨርሱ ሴቶቹ ለቅሶውን ለቀቁት። እትዬ ግን ተቆጡ።

«ዝም በሉ! በልጄ አታሟርቱ። ትናንት በቀትር መጥቷል።»

ሁሉም ግራ ገባው። እናት መርዶውን ካልተቀበለች ለቅሶ መቀመጥ የለም፣ ፍትሐት የለም። እትዬ ሰማያዊዋን መኪና አምጥተው ምንጣፉ መካከል አስቀመጡ።

«እስከ ቀትር ቆዩኝ» አሉ። «ካልመጣ ያኔ አልቅሱ።»

ቆየን። ቤት ሙሉ ሰው አንዲት አሻንጉሊት ከቦ ተቀመጠ። ጣሪያው በፀሐይ እየጋለ ሲንጣጣ በየጊዜው እንደነግጣለን። መኪናዋ ላይ ዝንብ ስታርፍ አንዲት ሴትዮ «በስመ አብ» አለች። የኔ ሪሞት ከአጥሩ ማዶ፣ ቤቴ ውስጥ ተቀምጧል። «ውሃ ላምጣ» ብዬ ብነሣ ማንም ምንም አይለኝም። ከነካሁት ልጁ ይኖራል፤ እናቱ ሳታለቅስለት፣ ፍትሐት ሳይደረግለት በየቀትሩ ይመጣል። ከቀረሁ ደግሞ የምገድለው እኔ ነኝ። እጆቼን ከጭኖቼ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። ጣቶቼ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ አልዋሽም።

ስድስት ሰዓት ሆነ። አለፈ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

እትዬ ዓይናቸውን ከመኪናዋ አንሥተው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን አዩኝ።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ዛሬ ቤትሽ ደርሰሽ አትመጪም?»

ያውቁ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ በቆርቆሮው ሽንቁር አይተውኝ ይሆናል። እያወቁ ነው ሲያወሩት የከረሙት።

«አልሄድም፣ እትዬ» አልኩ።

ከዚያ መኪናዋን በእጃቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጓት፣ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ጣሉ፣ ደረታቸውን መትተው ልጃቸውን በስሙ ጠሩት።